በየትኛው አፋችን?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔን የምታውቁኝ ደብተር ይዤ ነው። «የዚህ ወር ቁጠባሽ አልገባም»፣ «ደረሰኝሽን አምጪ»፣ «ብድርሽ ሦስት ቀን አልፎታል» ስል ነው የምታውቁኝ። ስለዚህ ዛሬ ስለ አገሮችና ስለ ታሪካቸው ልናገር ስቆም «ይቺ ደግሞ ምን አገባት?» ብትሉ አልቀየምም። ታሪክ አልተማርኩም፤ ያለኝ የሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ነው። ነገር ግን ጉዳዩን ያነሣነው እኛው ነን፤ በቃለ ጉባኤም ሰፍሯል።

ታስታውሳላችሁ፣ በጥቅምቱ ስብሰባችን፣ በዐረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ስለሚደርስባቸው በደል ለሚመለከታቸው ኤምባሲዎች ደብዳቤ እንጻፍ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ከመካከላችን ልጇን ወይም እህቷን ወደዚያ ያልሸኘች ጥቂት ናት። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ተባረው ሲመለሱ ቦሌ ድረስ ሄደን ተቀብለናል። በ2012 ዓ.ም. በቤይሩት አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በቆንስላችን ደጃፍ ጥለው ሲሄዱ በቴሌቪዥን አይተን አልቅሰናል። ስለዚህ ሁላችንም እጃችንን ልናወጣ ስንል፣ አንዲት እናታችን ከኋላ ተነሥተው «ደብዳቤውስ ይጻፍ፤ ግን በየትኛው አፋችን? እኛ ቤት ያለችውስ?» አሉ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዷ «እውነታቸውን ነው፤ እኛ ማን ሆነን ነው?» አለች። ሌላዋ «ታዲያ በደል ያለበት ሁሉ ዝም ካለ ማን ይናገር?» አለች። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ውሳኔ ሳንሰጥ ተበተንን። በመጨረሻ ሊቀ መንበራችን ወደ እኔ ዞራ «አንቺ አስቢበትና ለጉባኤው አቅርቢ» አለችኝ። ለምን እኔን እንደመረጠች አላውቅም። ምናልባት የሂሳብ ጥያቄ መስሏት ይሆናል። ሳስበው በእርግጥም የሂሳብ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት።

ጥያቄው ለእኛ ለሴቶቹ ብቻ የቀረበ አይደለም። በአገር ደረጃ ሲጠየቅ የኖረ ነው። ያለፈ ታሪኩ ንጹሕ ያልሆነ አገር፣ ሌላውን አገር «በደልክ» ማለት ይችላል ወይ? ንጹሕ አገር ብቻ ይናገር ካልን በዓለም ላይ አንድም ተናጋሪ አይገኝም። ማንም ይናገር ካልን ደግሞ ሌባው ሁሉ ዳኛ ይሆናል። መልሱን ለማግኘት ሩቅ ሳልሄድ የራሳችንን አገር ታሪክ አነበብኩ፤ ምክንያቱም ኢትዮጵያ በዚህ ጥያቄ ተከሳሽም ከሳሽም ሆና ቆማለች።

በመጀመሪያ ተከሳሽ ሆና የቆመችበትን ልናገር። በ1915 ዓ.ም. ክረምት አገራችን የመንግሥታት ማኅበር አባል ለመሆን ስታመለክት፣ ከተነሡባት መቃወሚያዎች ዋናው ባርነት ነበር። መቃወሚያው ሐሰት አልነበረም። ሰው ከአገሩ እየታደነ ይሸጥ ነበር፤ በትልልቅ ሰዎች ግቢ ውኃ የሚቀዳው፣ እህል የሚፈጨው፣ እንጨት የሚለቅመው ባሪያ ነበር። ከዚህ ሥራ አብዛኛው ደግሞ የሴት ሥራ እንደሆነ እኛ እናውቃለን። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መንግሥታቸው ባርነትን እንደሚያስቀር ቃል ገብተው፣ ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. አባል ሆነች። በዚያው ዓመት ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት ሕግ ታወጀ። ነገር ግን ቃሉ በፍጥነት አልተፈጸመም፤ ዕዳው ሳይዘጋ ዓመታት አለፉ።

ያንን ያልተዘጋ ዕዳ አንድ ሌላ ሰው አነሣው። በ1927 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ የሙሶሊኒ መንግሥት ለመንግሥታት ማኅበር ረጅም የክስ መዝገብ አቀረበ። ኢትዮጵያ ባሪያ የምትገዛ አገር ስለሆነች በማኅበሩ ውስጥ ከሌሎች እኩል ልትቀመጥ አይገባትም አለ። ወር ሳይሞላው ሠራዊቱ መረብን ተሻገረ። ትግራይ ውስጥ በያዘው ቦታ ባርነት መቅረቱን ወዲያው አወጀ። በዚያው ጦርነት ደግሞ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ በሰውና በከብት፣ በውኃና በግጦሽ ላይ አዘነበ።

ይህ ከሳሽ የራሱ መዝገብ ምን ይመስል ነበር? እኛን ከመክሰሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በሊቢያ፣ በሲሬናይካ፣ መቶ ሺህ ያህል ሰው ከነከብቱ ከመሬቱ ነቅሎ በሽቦ በታጠረ ካምፕ ውስጥ አጉሮ ነበር። ብዙዎቹ በረሃብና በበሽታ አልቀዋል። ኦማር ሙክታር የተባሉትን አርበኛ ሽማግሌ በመስከረም 1924 ዓ.ም. በሕዝባቸው ፊት ሰቅሏቸዋል። እዚያ ጦሩን ያዘዘው ግራዚያኒ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የሆነውን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

እዚህ ላይ እንደ ሂሳብ ሠራተኛ አንድ ነገር ልበል። የጣሊያን ክስ ሐሰት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። አስቸጋሪው በክሱ ውስጥ እውነት መኖሩ ነው። «እሱ ማን ሆኖ ነው የሚከሰን?» ያሉ አባቶቻችን ስለ ጣሊያን የተናገሩት ልክ ነው። ነገር ግን በዚያች ሰዓት በአንድ ባላባት ግቢ እህል ትፈጭ የነበረችውን ሴት ይህ መልስ ምን ጠቀማት? የከሳሹ ዕዳ የእሷን ባለዕዳ ነፃ አላደረገውም። በሌላ በኩል ደግሞ የእኛ ጥፋት እውነት መሆኑ ለጣሊያን ምንም መብት አልሰጠውም። ደረሰኝ ሳትቆርጥ የሸጠች ባለ ሱቅ አገኘሁ ብሎ ሱቋን የሚወርስ ተቆጣጣሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

ቀጥሎ ከሳሽ ሆና የቆመችበት ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ በማኅበሩ ጉባኤ ፊት ቆመው ስለ መርዝ ጋዙ ተናገሩ። የጣሊያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው እያፏጩ ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። በዚያን ቀን ኢትዮጵያ ውስጥ ገና ባሪያ ነበረ። ባርነትን ጨርሶ የሚከለክለውና የሚያስቀጣው አዋጅ የወጣው ከነፃነት በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ታዲያ አንድ ሰው ተነሥቶ «እርስዎ በየትኛው አፍዎ?» ቢላቸው ኖሮ ምን መልስ ነበራቸው?

እኔ መልሱን ያገኘሁት በጋዙ ከተቃጠሉት ሰዎች ዘንድ ነው። እነዚያ ገበሬዎችና እረኞች፣ ስንቅ ተሸክመው የዘመቱት ሴቶች፣ ስለ ባሪያ ንግድ ማንም ምክር አልጠየቃቸውም። ከተቃጠሉት መካከል ራሳቸው ባሪያ የነበሩም እንዳሉ አልጠራጠርም። የመንግሥታቸውን ዕዳ በእነሱ ቁስል ላይ ማወራረድ ይቻላል? አይቻልም። ቁስሉ የሰው ነው፤ ተናጋሪው መልእክተኛ ነው። የመልእክተኛው እግር ጭቃ ቢይዝ መልእክቱ ሐሰት አይሆንም። ከፊታቸው የተቀመጡት እነ እንግሊዝና እነ ፈረንሳይም በየቅኝ ግዛታቸው ያለባቸውን የሚያውቁ ነበሩ። በዚያ አዳራሽ ንጹሕ ሰው ተፈልጎ ቢሆን ኖሮ የጋዙን ነገር የሚያነሣ አይገኝም ነበር።

ሦስተኛውን ታሪክ ብዙዎቻችን አናውቀውም፤ እኔም ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ ነው ያወቅሁት። በጥቅምት 1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሱ ዛሬ ናሚቢያ በምንላት፣ ያን ጊዜ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ትባል በነበረችው ምድር፣ ደቡብ አፍሪካ በአደራ የተሰጣትን ሕዝብ በአፓርታይድ ትጨቁናለች የሚል ነው። ሁለቱም ከሳሾች የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባላት ነበሩ። ሁለቱም በዚያ ማኅበር ፊት በባርነት ጉዳይ የተጠየቁ አገሮች ነበሩ። የላይቤሪያው መንግሥት ሰዎችን በግዳጅ ሰብስቦ ወደ ፈርናንዶ ፖ ደሴት ለእርሻ ሥራ ይልካል ተብሎ በ1922 ዓ.ም. መርማሪ ቡድን ሄዶበት ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥም የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሥልጣናቸውን ለቀዋል። እንግዲህ እነዚህ ሁለት የትናንት ተጠያቂዎች ናቸው ለናሚቢያ ሕዝብ ጠበቃ የቆሙት።

ፍርድ ቤቱ ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት እስኪቀሩ ድረስ አቆይቶ በሐምሌ 1958 ዓ.ም. ውሳኔ ሰጠ። ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ሚዛኑ አጋደለ። ውሳኔው ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም እንዳላቸው አላስረዱም የሚል ነው። በእኛ ቋንቋ «ምን አገባችሁ?» ማለት ነው። ነገር ግን ነገሩ በዚያ አልቀረም። ሦስት ወር ጥቂት እንዳለፈ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካ አደራ ማብቃቱን ወሰነ። ናሚቢያ በመጋቢት 1982 ዓ.ም. ነፃ ወጣች።

ይህን ሳነብ ኮራሁ። ወዲያው ደግሞ እርሳሴን አነሣሁና በሌላው ገጽ ጻፍኩ። ክሱ ሄግ ላይ እየታየ ሳለ፣ በ1955 ዓ.ም. መንግሥታችን የኤርትራን ፌዴሬሽን አፈረሰ። ያ መንግሥት ለናሚቢያ ገበሬ ሲከራከር፣ የራሱ ጭሰኛ የምርቱን እኩሌታ ለባለ መሬት ይገፈግፍ ነበር። ታዲያ ክሱ ስሕተት ነበር? አልነበረም። ክሱ ልክ ነበር፤ በአገር ቤት የተደረገውና ዝም የተባለው ደግሞ ጥፋት ነበር። በሙያችን ተሰብሳቢንና ተከፋይን አቻችሎ አንድ ቁጥር ብቻ ማሳየት በጥቅሉ አይፈቀድም። እያንዳንዱ በየመስመሩ ይጻፋል። ለናሚቢያ የሠራነው መልካም ሥራ ጭሰኛው የተበደለውን አይሰርዝም፤ ጭሰኛው የተበደለውም የናሚቢያን ክስ አይሰርዝም። አገሮች ስለ ራሳቸው ሲናገሩ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንዱ ክብሩን ብቻ ደምሮ «እኔ ንጹሕ ነኝ» ይላል። ሌላው ነውሩን ብቻ ደምሮ «እኔ የምናገረው የለኝም» ይላል። ሁለቱም ግማሽ ደብተር ናቸው።

ከዚህ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል። የመናገር መብቱ ለሁሉም ካለ፣ ሲናገር የሚደመጠው ማን ነው? የእኔ መልስ «ደብተሩን የከፈተ» የሚል ነው። እንዴት እንደሚከፈት ደግሞ ያችው ናሚቢያ ታስተምረናለች። ደቡብ አፍሪካ ሳትይዛት በፊት የጀርመን ቅኝ ግዛት ነበረች። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1908 የሄሬሮንና የናማን ሕዝብ ፈጁ። የጀርመን መንግሥት ይህ የዘር ማጥፋት ነው ብሎ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ በ30 ዓመት ውስጥ 1.1 ቢሊዮን ዩሮ እንደሚሰጥም አስታወቀ። ከመቶ ዓመት በኋላም ቢሆን ማመን ከመካድ ይሻላል። ነገር ግን ከተጨፈጨፉት ወገን የሆኑ ብዙዎች ተቃወሙ። «ድርድሩ በሁለት መንግሥታት መካከል ሆነ እንጂ እኛ በቦታው አልተቀመጥንም» አሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዕዳን ማመን አንድ ነገር ነው፤ የዕዳውን ልክ ባለዕዳው ብቻውን ከጻፈው ግን ደብተሩ ገና ግማሹ ተዘግቷል ማለት ነው።

እህቶቼ፣ እስከዚህ ድረስ የተናገርኩት ስለ ሌላ ሰው ነው። አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ ልመለስ፤ «እኛ ቤት ያለችውስ?» ወዳሉት።

እኔ ቤት አንዲት ልጅ አለች። ከገጠር ከመጣች ሁለት ዓመት አልፏታል። እኔ ሥራ የምውለው፣ እዚህም መጥቼ ደብተራችሁን የምመረምረው፣ እሷ ልጆቼን ስለምትይዝልኝ ነው። ደመወዟን «ከተማ ነው፣ ይጠፋብሻል፤ እኔ ጋ ይቀመጥልሽ» ብያት ነበር። ለበዓል ጫማ ስገዛላት፣ እናቷ ሲታመሙ ስልክላቸው፣ ከዚያው ላይ ነው። በአደራ ያስቀመጥኩላት ይመስለኝ ነበር። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ፣ ልክ ጄኔቭንና ሄግን ጽፌ ስጨርስ፣ አንድ ማታ ሂሳቧን ልይ ብዬ ደብተሬን ፈለግሁ። ደብተር የለም። የእናንተን አምስት ብር ሳይቀር የምመዘግብ ሴት፣ ለዚያች ልጅ አንድ መስመር አልጻፍኩም።

በግምት ደመርኩና የአስራ አንድ ወር ደመወዝ አለሽ አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ የማታ ትምህርት ደብተሯን አመጣችና ከኋላ ገለጠችልኝ። በእርሳስ፣ ወር በወር፣ የተሰጣትና የቀራት ተጽፏል። አስራ ሦስት ወር ነው። የጫማውም፣ ለእናቷ የተላከውም ተቀንሷል። መስመር በመስመር አየሁት፤ አንድም ስሕተት አላገኘሁበትም። «ለምን አልጠየቅሽኝም?» ብላት «እትዬ፣ እርስዎ የሂሳብ ሰው ስለሆኑ ያውቁታል ብዬ ነው» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በረቂቅ ደብዳቤያችን ላይ በተራ ቁጥር አንድ የሰፈረው በደል «ደመወዝ መያዝ» የሚል ነው፤ የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ገንዘቧን በሁለት ጊዜ ከፍዬ በራሷ ስም የባንክ ደብተር አውጥታለች። ይህን የምነግራችሁ እንድታመሰግኑኝ አይደለም። የዘገየ ክፍያ ስጦታ አይባልም። የምነግራችሁ እኔ የሂሳብ ሰውዋ እንዲህ ከሆንኩ፣ በየቤታችን ስንት ያልተጻፈ እንዳለ እንድታስቡት ነው።

ሁለቱ በደሎች እኩል ናቸው ግን አልልም። በዚያ ያለው የከፋላ ሥርዓት ሠራተኛዋን ከአንድ አሠሪ ጋር ያስራታል፤ ፓስፖርቷ ይያዛል፤ ከቤቱ ከወጣች ሕገ ወጥ ትባላለች። እዚህ ያለችው መሄድ ትችላለች። ወዴት እንደምትሄድ ግን አናውቅም። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የቤት ሠራተኛን በወሰኑ ውስጥ አላስገባትም። ልዩነቱ እንዳለ ይጻፍ። ሁሉን አንድ ማድረግም የማቻቻል ሌላ መልክ ነው።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንላለን። ይህን ተረት ሁልጊዜ የምንጠቅሰው ሌላውን ዝም ለማሰኘት ነው። ልብ ብላችሁ ስሙት እስቲ፤ የጎረቤቷ ድስት አያርም አይልም። የሚያርሩት ሁለት ድስቶች ናቸው። የራሷን ካወረደች በኋላ የጎረቤቷን ማማሰል ነውር አይደለም፤ ጉርብትና ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ደብዳቤው ይጻፍ። የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ እኛ ይናገር፤ በየቤታችን ያለውን ጉድለት አይተን ምን እንደወሰንን ይግለጽ። ውሳኔውም ወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር፣ የቤት ሠራተኛ ያላት አባል ሁሉ የደመወዙን ልክና የሚከፈልበትን ቀን፣ የዕረፍት ቀኗንና የትምህርት ሰዓቷን ጽፋ ሁለቱም ይፈርሙበት። ልጅቷ የራሷ ደብተር ይኑራት። ማኅበሩ በየስድስት ወሩ ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን አድርጎ ይመልከት፤ ልዩነት ሲገኝ እሷም ባለችበት ይታይ። ከእኔ ቤት ይጀመር።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። እኛ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት እናቀርብላችኋለን፤ ትጠይቁናላችሁ፣ እንመልሳለን፤ ይህም አሳድጎናል። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የመጣችሁባቸው አገሮችም ያልተዘጋ ደብተር አላቸው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደው ቅርስ ዛሬም በለንደን ሙዚየሞች አለ። ይህን የምለው ጥያቄያችሁን ለማስቀረት አይደለም። ጠይቁን፤ እኛም ስንጠይቅ አትቀየሙ።

በየትኛው አፋችን ላሉን እናታችን መልሴ አጭር ነው። እማማ፣ ሌላ አፍ የለንም፤ በዚሁ ባለን አፍ ነው። መጀመሪያ ግን ስለ ራሳችን እንክፈተው። አገርም ቢሆን ከዚህ የተለየ አፍ ያለው አይመስለኝም።